የድሮ ሮሌክስ «ሙሉ ኪት» ልትገዙ ያሰባችሁ የወሎ ልጆች፣ ጀርባው ሳይከፈት ብር እንዳትልኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ከሚሴ፣ ባቲ ያላችሁ ሰዓት መገጣጠም ምትወዱ ልጆች ይሄን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ረዘም ይላል ግን ብራችሁን ያተርፍላችኋል፣ አንዱ ክፍል ደሞ ከብርም በላይ የጤና ጉዳይ ነው።

ሰሞኑን በቴሌግራም እየዞረ ያለ ማስታወቂያ አለ፣ «የድሮ ሮሌክስ ሰብማሪነር ሙሉ ኪት፣ 5513፣ ሞተሩ ኦሪጅናል ስዊስ ኢቲኤ፣ ፊቱ የ60ዎቹ፣ ራስህ ገጣጥመህ እሰር» ይላል (5513 የሰዓቱ ሞዴል ቁጥር ነው፣ ኢቲኤ ደሞ የስዊስ የሰዓት ሞተር ሰሪ ድርጅት)፣ ዋጋው 26 ሺ ብር፣ ብሩ ቀድሞ ይገባል እቃው በመኪና ይላካል። ሻጩን በስም አልጠራም፣ እሱም ቢሆን ስሙን በየጊዜው ይቀያይራል፣ እቃው ግን አይቀየርም፣ ስለዚህ እቃውን እንድታውቁት ነው ምፈልገው። እኔ ሰዓት መገጣጠም የቆየ ሱሴ ነው፣ መሳሪያውም ስላለኝ ልጆቹ ገዝተው ሲያበቁ ይዘውት ሚመጡት እኔ ጋር ነው፣ ከተለያየ ሰፈር የመጣውን ሁሉ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ውስጡ ያው አንድ ነው። አንዱ የሰኞ ገበያ ልጅ ባጃጅ እየነዳ ያጠራቀማትን ነው የከፈለው፣ ክዳኑን ስከፍትለት ፊቱን ማየት አቃተኝ።

አንድ ነገር ግልጽ ላርግ። በድሮ ሰዓት መልክ ለራስ መገጣጠም ደስ ሚል ሆቢ ነው፣ እጅ ያፍታታል፣ ትዕግስት ያስተምራል፣ ብዙ ልጆችን ከጫት ቤት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ አይቻለሁ። የቻይና ክፍል መግዛትም ነውር የለውም፣ «የቻይና ነው» ተብሎ በቻይና ዋጋ እስከተሸጠ ድረስ። የኔ ጸብ ከውሸቱ ጋር ነው።

ከሞተሩ ልጀምር ምክንያቱም ብሩ ሚበላው እዛ ላይ ነው። ኢቲኤ 2824-2 ሚባለው የስዊስ ሞተር በሰዓት 28,800 ጊዜ ይመታል፣ በሰከንድ 8 ማለት ነው። ኪቱ ውስጥ ሚመጣው ግን ዲጂ 2813 ሚባል ርካሽ የቻይና ሞተር ነው፣ እሱ 21,600 ነው፣ በሰከንድ 6። ለጀማሪ በዓይን መለየት ይከብዳል፣ በስልካችሁ ስሎሞሽን ቅረጹትና ሰከንድ ቆጣሪዋ ከአንዷ መስመር እስከ ቀጣዩዋ ስንት ጊዜ እንደምትዘል ቁጠሩ። ከዛ የሚቀል መንገድም አለ፣ የመሙያ ቁልፏን ሰዓት ለማስተካከል እስከ መጨረሻው ጎትቱ፣ 2824-2 ከሆነ ሰከንዷ ወዲያው ቀጥ ትላለች፣ እስካሁን የከፈትኳቸው 2813ዎች ግን ቁልፉ ወጥቶም ዝም ብለው ይሄዳሉ። ሰዓቱን እጃችሁ ላይ ድንገት ወዘወዝ ስታረጉትም ሰከንዷ ትንሽ ተደናቅፋ ቆም ብላ መልሳ ትነሳለች፣ እሱ የዚህ ሞተር ጠባይ ነው።

ሻጩ ይሄን ስትጠይቁት «ጀርባው ላይ ኢቲኤ ተብሎ ተጽፏል» ብሎ ፎቶ ይልካል። እውነት ነው ተጽፏል፣ ግን የተጻፈው እጅ ሲንቀሳቀስ ሚሽከረከረው ግማሽ ክብ ብረት ላይ ነው፣ እሱ ላይ ማንም ማሽን ያለው ሰው የፈለገውን ይጽፋል። የኢቲኤ ምልክትና የሞተሩ ቁጥር ሚታተመው ውስጥ፣ ወዲያ ወዲህ ከምትለው ትንሿ ጎማ ስር ባለው ዋናው ብረት ላይ ነው፣ ማጉያ አርጋችሁ እዛ ፈልጉ፣ ከሌለ በቃ የለም። ደሞ እኔን በጣም ሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ እውነተኛው 5513 ውስጥ መጀመሪያውኑ ኢቲኤ የለም! ሮሌክስ ለዛ ሰዓት የተጠቀመው የራሱን 1530 ከዛም 1520 ሞተር ነው፣ እነሱ ደሞ ከኢቲኤ ይልቅ ዝግ ያሉ ናቸው፣ አንዱ 18,000 ሌላው 19,800። ስለዚህ «ሰከንዷ ስትንሸራተት እያት፣ ኦሪጅናል ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው» እያለ ሚልከው ቪዲዮ ለ60ዎቹ ሰዓት ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ወደ ፊቱ እንምጣ። 5513 የተሰራው ከ1962 እስከ 1989 እኤአ ገደማ ነው (ስለ ሰዓት ምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ እኤአ ናቸው፣ 60ዎቹም 1960ዎቹ ማለት ነው)፣ ቀን ማሳያ የለውም። ከመጡልኝ አንዱ ላይ ግን 5513 ተብሎ ቀን ማሳያና መስታወቱ ላይ ማጉያ ነበረው፣ ይሄ ብቻውን ይበቃል፣ ቀን ያለው የዛ ዘመን ሰብማሪነር 1680 ነው። ሌላው ከቁጥር 6 ስር ያለችውን ደቃቅ ጽሁፍ አንብቡ፣ ከ60ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሚያበራው ቀለም ትሪትየም ስለነበር «ስዊስ ቲ<25» ተብሎ ይጻፍ ነበር፣ የኪቱ ፊት ላይ ግን ያለው «ስዊስ ሜድ» ብቻ ነው፣ ሮሌክስ ትሪትየም ሚያቆመው ደሞ 1998 አካባቢ ነው። ይሄን ማንበብ ካቃታችሁ መብራት አጥፉ። ትሪትየም በየ12.3 አመቱ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 50 አመት ያለፈው ከ16 እጅ አንድ እጅ ቢቀረው ነው፣ ስለዚህ «የ60ዎቹ» የተባለው ፊት ሌሊቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ ካደረ ትላንት የተቀባ ነው። ቢጫ መሆኑ አያታልላችሁ፣ ቡናና ሻይ ቀብቶ ማስረጀት በዚህ ሙያ የታወቀ ነገር ነው፣ ለራስ ሰዓት ሲሆን ሸጋ ስራ ነው፣ እድሜ ነው ብሎ ብር ሲጠየቅበት ግን ማጭበርበር ነው።

መስታወቱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ የድሮዎቹ አክሪሊክ ነበሩ፣ በጥርስ ሳሙና ሲታሽ ጭረቱ ሚጠፋ ፕላስቲክ፣ አክሪሊክ ስለሆነ ብቻ «ፎርጅድ ነው» አትበሉ።

ትልቁ ጣጣ ግን ክፍሎቹ እርስ በርስ አይገጥሙም። «ሙሉ ኪት» ሲባል ቁጭ ብለህ ምትገጥመው ይመስላል፣ የሚልከው ግን ከየቦታው የተቃረመ ነው። ቤቱ፣ ማለትም ሞተሩ ሚቀመጥበት ውጩ ብረት፣ ለ2824 የተሰራ ነው፣ 25.6 ሚሊሜትር ስፋት 4.6 ውፍረት ላለው ሞተር። ልጆቹ ቅር ብሏቸው ሲጠይቁት «በሴኮ ኤንኤች35 እቀይርልሃለሁ፣ 5 ሺ ጨምር» ይላል፣ ኤንኤች35 ሚባለው የጃፓን ሞተር ግን 27.4 ስፋት 5.32 ውፍረት ነው፣ እዛ ቤት ውስጥ አይገባም፣ በግድ ሲገባም ክዳኑ አይዘጋም። ዲጂውም ወፍራም ስለሆነ የቁልፉ ዘንግ ከቀዳዳው ጋር አይተያይም፣ ተጣሞ ይገባል፣ ትንሽ ቆይቶ ይሰበራል። የሰከንድ ቆጣሪ ቀዳዳ ለኢቲኤ 0.25 ሚሊሜትር ነው ለኤንኤች35 0.20፣ የአንዱን ሌላው ላይ ስትጭኑት ላልቶ ይወድቃል ወይ አልገባ ይላል። ፊቱን ሞተሩ ላይ ሚይዙትን ትንንሽ እግሮች ደሞ ቆርጦ በደብል ቴፕ ነው የለጠፈው፣ ሙቀት ሲነካው ፊቱ ይዞራል፣ 12 ሰዓት የነበረው 1 ሰዓት ጋ ይሄዳል።

ውሃ ደሞ አለ። ፊቱ ላይ 200 ሜትር ስለተጻፈ ብቻ አትመኑት፣ የከፈትኳቸው ላይ ውሃ ሚከለክለው ጎሚኒ ወይ የለም ወይ ከልኩ ውጭ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ወንድማችን ለኒካህ ስጦታ ተሰጥቶት ውዱ ባደረገ ቁጥር ከእጁ አላወለቀውም፣ 200 ሜትር የሚል ሰዓት ለውዱ ውሃ ማን ያወልቃል፣ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ሆነ፣ ወደኔ ሲመጣ ሞተሩ ዝጎ ነበር። የሰጠው ጓደኛው ደሞ ኦሪጅናል ነው ተብሎ ነው የገዛው፣ እስካሁን አልነገረውም።

አሁን ይሄን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ከነዚህ ሻጮች አንዱ ለኛ ለወሎዎች ብሎ የፈጠረው ወሬ አለ፣ «ጣልያን ደሴ ላይ ጥሎት የሄደ ፓነራይ ራዲዮሚር» ይላል (ፓነራይ የጣልያን ሰዓት ሰሪ ነው፣ ራዲዮሚር የድሮ ሞዴሉ)፣ አንዳንዴ ደሞ «ከአልጋ ወራሹ ቤት የወጣ» ነው። ወሬው ልብ ይነካል ምክንያቱም አያቶቻችን ስለ ጣልያን የነገሩንን እናስታውሳለን፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንም ወሎን መግዛታቸው እውነት ነው። ግን አስቡት፣ ራዲዮሚር የተሰራው ለጣልያን ባህር ኃይል ጠላቂዎች ነው፣ ጣልያን ደሴ በገባበት በ1936 እኤአ ሰዓቱ ገና ለሙከራ ነበር፣ ከዛም በኋላ በጣም ጥቂት ነው የተሰራው፣ ባህር ውስጥ ሚጠልቅ ወታደር ደሴ ተራራ ላይ ምን ይሰራል? ለሰፊው ገበያ መሸጥ የጀመረው እንኳን በ1993 ነው። የሚልከው 47 ሚሊሜትር የቻይና ቤት ነው፣ ውስጡ የኢቲኤ 6497 ኮፒ፣ የኪስ ሰዓት ሞተር፣ በእጅ የሚሞላ። ለገጣጣሚ ሰው በልኩ ዋጋ ጥሩ ሞተር ነው፣ ትልቅ ስለሆነ ለጀማሪ እንደውም እሱ ይሻላል፣ ታሪክ ግን የለውም።

እዚህ ድረስ የብር ጉዳይ ነው። የጤናው ይሄ ነው፦ ሻጩ «ቀለሙን ፍቀህ አዲሱ ላይ ቀባው፣ ኦሪጅናል ይመስላል» ብሎ ከድሮ የጠረጴዛ ሰዓት የተነቀለ ፊትና ቆጣሪ ይጨምራል። ወንድሞቼ፣ ከ60ዎቹ በፊት በነበሩ ሰዓቶች ላይ የሚያበራው ቀለም ብዙ ጊዜ ራዲየም ነው፣ ራዲዮሚር የሚለው ስምም ከሱ ነው የመጣው። ራዲየም ጨረሩ በግማሽ ሚቀንሰው በ1,600 አመት ነው። ቀለሙ ቡኒ ሆኖ፣ ማብራቱንም አቁሞ ታዩታላችሁ፣ «ሞቷል» ትላላችሁ፣ የሞተው ብርሃን ሰጪው ንጥረ ነገር ነው እንጂ ጨረሩ አለ። ሲፋቅ ዱቄት ይሆናል፣ ዱቄቱ በትንፋሽ ይገባል፣ ከገባ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። አሜሪካ ውስጥ በ1910ዎቹ መጨረሻና በ20ዎቹ ሰዓት ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ሲሰሩ መንጋጋቸው እየረገፈ ሞተዋል፣ ይሄ በደንብ የተመዘገበ ታሪክ ነው።

ስለዚህ እንደዚህ አይነት ፊት እጃችሁ ካለ ራዲየም ነው ብላችሁ ያዙት። አትፋቁት፣ አትንፉበት፣ አታጥቡት፣ ከሰል ውስጥ አትጣሉት። የሚታሸግ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ልጆች ከማይደርሱበት፣ ሰው ከማይተኛበት ክፍል አስቀምጡት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ደሞ በጭራሽ አትስሩ። እናቶቻችን ቡና ሚያፈሉበት ረከቦት ጎን ሰዓት ሲፈታ አይቼ ስለማውቅ ነው ደጋግሜ ምለው።

መገጣጠም ለምትፈልጉ መንገዱ ቀላል ነው፣ «ሙሉ ኪት» አትግዙ። መጀመሪያ ሞተሩን ምረጡ፣ ኤንኤች35 ኦንላይን ከ30 እስከ 50 ዶላር አካባቢ ነው፣ ከውጭ ሚመጣ ዘመድ ካለ በእሱ፣ ከዛ «ለኤንኤች35» ተብሎ የተጻፈበት ቤት፣ ፊትና ቆጣሪ ብቻ ግዙ። ፊቱ የሰው ሎጎ የሌለበት ይሁን፣ የንግድ ምልክት አዋጅ 501/1998 አለ፣ የሮሌክስ ዘውድ ምልክት ያለበትን የውሸት እቃ አስመጥቶ መሸጥ ያስጠይቃል፣ የገጣጠማችሁትን «ኦሪጅናል» ብላችሁ ለሌላ ሰው ከሸጣችሁ ደሞ እናንተም እንደዛ ሻጭ ናችሁ። እዚሁ ከሰው ምትገዙ ከሆነ በአካል ተገናኙ፣ ሰዓት ሰሪ ጋር ሂዱ፣ ደሴ ፒያሳ እድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲሰሩ የኖሩ ጋሼዎች አሉ፣ ለትንሽ ብር ክዳኑን ከፍተው ያሳዩዋችኋል። ሻጩ «ክዳኑ ከተከፈተ ዋስትና የለውም» ካለ ትታችሁ ሂዱ።

ብር የላካችሁ አብሽሩ፣ ግን ዝም አትበሉ። የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ ምክንያቱም ብሎክ ከማድረጉ በፊት ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ያጠፋዋል፣ የላካችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፣ «ኢቲኤ ነው» ያለበትን መስመር በተለይ ያዙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ስለ እቃው ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰ ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፣ ንግድ ቢሮ ሄዳችሁ በጽሁፍ አመልክቱ፣ ሁለት ሶስት ሆናችሁ ብትሄዱ ደሞ ይሻላል። «ቀይሬ እልካለሁ ትንሽ ጨምር» ካላችሁ አንድ ብር እንዳትጨምሩ።

ገዝታችሁ ገና ያልነካችሁትም አላችሁ፣ በካቻቢቴ ሳትጎረጉሩት አምጡት፣ ማታ ማታ ቤት ነኝ፣ በነጻ ከፍቼ አሳያችኋለሁ። በፌስታል የታሸገውን የድሮ ፊት ግን ይዛችሁ አትምጡ፣ ከሩቅ ፎቶ አንሱና ላኩልኝ።