አውስትራሊያና ኒውዚላንድ፦ ውል የሌላትና ውል ያላት
ሁለቱንም በቅኝ ግዛትነት የያዘችው እንግሊዝ ነበረች፤ አያያዟ ግን ለየቅል ነው። አውስትራሊያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1788 ስትሰፍር ከነባሩ ሕዝብ ጋር ምንም ውል አልፈረመችም። መሬቱ ባለቤት የለውም ተባለ፣ አለቀ። ይህን አባባል ፍርድ ቤት የሻረው በ1992፣ በማቦ ጉዳይ (ነባሮች የመሬት ባለቤትነታቸው እንዲታወቅ በተሟገቱበት ክስ) ነው። ኒውዚላንድ ላይ ግን በ1840 የማኦሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) አለቆች የዋይታንጊን ውል ፈረሙ። ይሻላል? በወረቀት ደረጃ አዎ። ችግሩ እንግሊዝኛው «ሉዓላዊነትን አስረከቡ» ሲል፣ አብዛኞቹ የፈረሙበት የማኦሪው ቅጂ የሚያወራው ስለ አስተዳደር መሆኑ ነው። (የውጫሌ አንቀጽ 17 ትዝ አላላችሁም?) ቢሆንም ማኦሪዎች ዛሬም ይዘውት የሚሟገቱበት ወረቀት አላቸው።

ወደ ስደተኛው ስንመጣ ልዩነቱ ይጠባል። ኒውዚላንድ በ1881 በሚገባ ቻይናዊ ሁሉ ላይ 10 ፓውንድ የመግቢያ ግብር ጣለች፣ ኋላ 100 አደረሰችው። አውስትራሊያ ደግሞ በ1901 ቃለ ጽሕፈት አመጣች፦ መኮንኑ ደስ ባለው የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃላት ያነባል፣ አንተ ትጽፋለህ፤ ከወደቅክ አትገባም። በ1934 ጋዜጠኛው ኤጎን ኪሽ ብዙ ቋንቋ ስለሚችል በስኮትላንድ ጌሊክ ፈተኑት! የኒውዚላንዱ ቢያንስ ዋጋው ይታወቅ ነበር።