«ኦሮማይ»ን ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ

የበዓሉ ግርማን ልብ ወለድ «ኦሮማይ»ን መጀመሪያ ያነበብኩት በአባቴ ቅጂ ነው። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብዶ፣ ጀርባው ወደ ግድግዳ ዞሮ ከመደርደሪያው ጥግ ይቀመጥ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ ስለሆነ፣ አባቴ ማንበቡን እንጂ ማዋሱን አይፈቅድም ነበር። ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ጨረስኩት፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ተራኪው ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለማርያም ነው። ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ እንዲመራ በ1974 ዓ.ም. ወደ አስመራ ይላካል። አዲስ አበባ እጮኛው ሮማን አለች፤ አስመራ ላይ ደግሞ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። በዓሉ ግርማ ግዳጅንና ፍቅርን ግራና ቀኝ አቁሞ አንዱን ምረጥ አይለውም። ጸጋዬ የተላከበትን ሥራ ከልቡ ይሠራል፤ ፊያሜታንም ከልቡ ይወዳል። የሚያሳምመው ይህ ነው። ቀን ስለ ድል የሚያወራው አንደበት፣ ማታ ከእርሷ ጋር ሲሆን ሰላም የተጠማ ሰው አንደበት ይሆናል።

የአማፅያኑ ዋና ምሽግ በሆነችው ተራራማዋ ናቅፋ ላይ ግን መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል። ወታደሩ ከምሽግ ወደ ምሽግ ዳገቱን ሲቧጥጥ፣ ጸጋዬ ከከተማ ይዞት የመጣው የድል ቋንቋ ይነጥፍበታል። ጀግንነት ከመድረክ ወርዶ ስሙ ዜና ውስጥ የማይገባ ልጅ ሆኖ ይታያል። አባቴ በመጽሐፉ ሁሉ በእርሳስ ያሰመረው እዚህ ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ከዚያ ግንባር አልተመለሰም። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ፍቅሩ ላይ ለመድረስ ብዬ እነዚህን ገጾች ዘልያቸው ነበር።

እንከን የለበትም አልልም። የስብሰባዎቹ ንግግር ይረዝማል። ፊያሜታ አንዳንዴ ከሰው ይልቅ የወንድ ሕልም ትመስላለች። ሮማንም ትበደላለች፤ የበደላት ጸጋዬ ብቻ ሳይሆን ደራሲውም ጭምር ነው። የእርሷን ሐዘን የምናየው ከሩቅ ነው።

ርዕሱ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ አነጋገር የገባ ቃል ነው፤ በቃ፣ አበቃለት እንደማለት። በዓሉ ዘመቻውን በቅርብ ያየ ሰው ነበር፤ መጽሐፉ በወጣ ማግስት ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቁ የመጨረሻዎቹን ገጾች መግለጥ ከባድ ነው።

ቅጂው አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ ለጠየቀኝ ሁሉ አውሳለሁ። ስሰጥ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ናቅፋን አትዝለሉ።