በ24,000 ብር ፊላ ገዛሁ

ትናንት ከሰዓት ነው የሆነው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ የፊደል ግድፈት ካለ ይቅርታ።

ጅማ ውስጥ "የሽቶ ተክል ትከሉ፣ ምርቱን እኛው መልሰን እንገዛለን" የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። በቴሌግራም ይጀምራል፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና አለ፣ ሰርተፍኬት አለ፣ ለስላሳም አለ። የእኔዎቹ የሚሸጡት ካላመስ ነበር። ተክሉ ራሱ ውሸት አይደለም። ረግረግ ላይ ይበቅላል፣ ሕንዶች ከጥንት ጀምሮ ለመድኃኒት ይጠቀሙበታል፣ ሥሩ በእንፋሎት ሲጣራ ዘይት ይሰጣል። የሚባዛውም እንደ ዝንጅብል ነው፤ ዓይን ያለውን ሥር እየቆራረጡ። "አሜሪካ ለምግብ ፋብሪካ እንልካለን" ብለውኝ ነበር። አሜሪካኖቹ ከምግብ የከለከሉት በፈረንጆች 1968 መሆኑን ያነበብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ግንቦት ላይ ሻጩ ከጃኬት ኪሱ ጣት የምታህል ሥር አወጣ። ሰበረና አፍንጫዬ ሥር አደረጋት። ቅመም ቅመም የሚል ደስ የሚል ሽታ። ስድስት ጆንያ ወሰድኩ፣ አፋቸው ተሰፍቷል። ልፍታው ስል "ኧረ ጋሼ፣ አየር ከገባው ይደርቃል" አለኝ። እኔ ሃያ ዓመት ቡና ስገዛ ጆንያ ሳልወጋ ገዝቼ አላውቅም!

ቤት ስንቆራርጠው ጭቃ ጭቃ ነው የሚሸተው። ስደውል "ሽታው ሲደርቅ ነው የሚመጣው" አሉኝ። አመንኩ። ባለፈው እሁድ አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ማሳዬ ዳር ቆሞ "ጋሼ፣ ፊላ ለምን ተከሉ?" አለኝ። ቦዬ ረግረግ ሄጄ በነጻ የምነቅለው ፊላ! ለጉዝጓዝ እንኳ ቄጠማ ይሻላል።

ትናንት ቅጠሉን ይዤ ቢሮአቸው ሄድኩ። አንድ ወጣት ተቀምጧል፣ ጫማው ላይ የእርሻ ጭቃ አለ። ሻጩ ሲያየኝ አልደነገጠም። ጭራሽ ወንበር ሳበልኝ። "ይኸው ጋሼ መጡ! ስድስት ጆንያ የወሰዱ ደንበኛችን ናቸው" አለው ልጁን። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ።

ያችው ሥር ናት። በእኔ ቀን የተሰበረው ጫፏ ጠቁሯል። በሌላኛው በኩል ቆረስ አደረጋትና ልጁ አፍንጫ ሥር ያዛት። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ያኔ እንደዚሁ ጨፍኜ ነበር።

ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ከስልኳ ቀና አለች፣ በሁለት ጣቷ አንስታ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። "ጋሼ፣ ውኃ አብዝተውበት ነው" አለች። ለረግረግ ተክል! ሻጩ ሳቀ፣ ልጁም ሳቀ። እኔስ? እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ነጋዴ ነኝ የምል ሰውዬ መታለሌን በሰው ፊት መናገር አፈርኩ። ልጁ ብር መቁጠር ሲጀምር ወጥቼ ሄድኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ 24,000 ብሩ አይደለም።

የምትገዙ ካላችሁ ጆንያውን አስፈቱ፣ ከታች ራሳችሁ አውጡ፣ ሰብራችሁ አሽትቱ። ትክክለኛው ካላመስ እርጥብ ሥሩም ቅጠሉም ይሸታል።

አንተ ጫማህ ጭቃ የነበረው ልጅ፣ ይህን ካየኸው ገና አትትከለው። ጆንያውን ይዘህ ተመለስ፤ እኔም እመጣለሁ።