አያትና የልጅ ልጅ ይዞ አንድ ቀን ሀዋሳ፦ ጉሬዛ፣ አባ ኮዳ፣ ጉማሬና ያገለገሉን ሰዎች

ሀዋሳ ላይ እንስሳ ለማየት የብረት ፍርግርግ አያስፈልግም። ጉሬዛው ዛፍ ላይ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አሳ ገበያው መሃል፣ ጉማሬው ሐይቁ ውስጥ ነው። ልጆቼ የዴንቨርን መካነ አራዊት ለምደዋል። አገር ቤት እንደገባን የጠየቁትም «የት ሄደን ነው እንስሳ የምናየው?» ብለው ነው። አያቶቻቸው ደግሞ ልጆቹ ከሄዱበት መቅረት አልፈለጉም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። አባቴ ሰማንያን አልፏል፤ ፀሐይ ቶሎ ያደክመዋል። ስለዚህ ቀኑን ያቀድነው በእናቴ ጉልበት ልክ ነው። ልጆቹ እንደሆነ ያገኙት ሁሉ ይበቃቸዋል። መቀመጫና ጥላ ያጣ ሽማግሌ ግን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ «ወደ ቤት» ይላል፣ እውነቱንም ነው።

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ለወጣት ይሆን ይሆናል፣ ለአያት አይሆንም። ዋዜማውን ገብታችሁ እደሩ። ከፍታው አያስቸግርም፤ ከተማዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ከዴንቨር ብዙም አትርቅም። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ግን ሙቀቱ ይሰማል። ሹራባችሁን ቤት ትታችሁ ሰፊ ባርኔጣ ያዙ።

ከአገልግሎቶቹ ሁሉ ያሳዘነኝ መኪናው ነው። ለአንድ የመኪና አከራይ ድርጅት ደውዬ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ መወጣጫው ዝቅ ያለ መኪና፣ ለልጆቹ ደግሞ የሚሠራ ቀበቶ። «ችግር የለም» አሉኝ፣ ሙሉውንም ክፍያ ቀድመው ተቀበሉ። የመጣው ከፍ ያለ ሚኒባስ ነው፣ ያውም አርፍዶ። የኋላው ቀበቶ ወንበሩ ሥር ተወሽቋል። ስደውል «ሁሉም በዚሁ ነው የሚሄደው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። እኔ ስለ ሌላው ሰው አልጠየቅኩም፤ ስለ ልጆቼና ስለ እናቴ ነው የጠየቅኩት። የታደገን ሹፌሩ ነው። ወንበሩን ነቅሎ ቀበቶዎቹን አወጣ። ከአንድ ሱቅ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ለምኖ አመጣና ገልብጦ ለእናቴ መረማመጃ አደረገላት። እስክንመለስ ድረስ በቆምንበት ሁሉ መጀመሪያ ሳጥኑን ያወርዳል፣ ከዚያ በሩን ይከፍታል። ድርጅቱን ለማንም አልመክርም። ሹፌሩን ግን ሁልጊዜ እጠራዋለሁ። ውጭ ሆናችሁ መኪና ስትይዙ የመኪናውን በርና የቀበቶውን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ ካልላኩ ቀብድ አትክፈሉ።

ሆቴሉ ጥሩ ነበር። መሬት ላይ ያለ ክፍል ጠይቀን ሰጡን። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የማያስብል ነው፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይህ ከሐይቁ እይታ ይበልጣል። ቁርስ የሚጀምረው እኛ ከምንወጣበት ሰዓት በኋላ ነበር፤ ማታ ብንነግራቸው እንቁላል በዳቦና ሻይ በፔርሙስ አዘጋጅተው አደሩ። ለዚህ የተለየ አላስከፈሉንም።

ቀኑን ሐሙስ ያደረግነው አስበንበት ነው። እናቴ ረቡዕና ዓርብ አትበላም፤ አሳ ይበላል የሚሉ አሉ፣ እሷ ዘንድ ግን ፍስክ ፍስክ ነው። አሞራ ገደል፣ አሳ ገበያው ድረስ ወስዶ አያትን በሽሮ መመለስ ደግሞ ያሳዝናል። ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛል፣ መቀመጫ አይገኝም።

አሞራ ገደል ማልዳችሁ ግቡ። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ማታ ጥለው ያድራሉ፣ ጠዋት ይሰበስባሉ። ጀልባዎቹ ሲደርሱ ግርግሩ ይጀምራል። የገበያው ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በትናንሽ ቢላ ገፈው ሥጋውን ከአጥንት ሲለዩ እጃቸው አይታይም። ጭንቅላቱንና ሆድ ዕቃውን ሲወረውሩ አባ ኮዳዎቹ ይሻማሉ። ይህ ወፍ ቆሞ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ትንሿ ልጄ አጠገቡ ስትቆም በልጧት አየሁ። ራሱ መላጣ ነው፣ አንገቱ ሥር ሮዝ ከረጢት ተንጠልጥሏል። «እግሩ ለምን ነጭ ሆነ?» ብላ ጠየቀች። እዚያው የነበረ አጥማጅ ነገራት፦ ሲሞቀው በገዛ ኩሱ እግሩን እየረጨ ያቀዘቅዛል። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እስከ ማታ ድረስ ላገኙት ሰው ሁሉ ሲያወሩት ነበር። እውነት ነው ደግሞ፤ ወፉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

መሬቱ ያንሸራትታል። ክፍት ጫማ አይሆንም፣ አያትን ክንድ መያዝ ግድ ነው። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ልጅ እናቴን አየቻትና ዱካዋን ለቀቀችላት። ያስቀመጠቻት ደግሞ ነፋሱ የአሳውን ሽታ በማያመጣበት በኩል ነው። «እማማ፣ ከዚህ ሆነው ይዩ» አለቻት። እናቴም ሻይዋን እየጠጣች ሁሉንም አየች። ከሆቴሉም፣ ከመኪናውም፣ ከምኑም በላይ ይህን አገልግሎት አልረሳውም።

ጀልባ በጠዋት ነው የሚያዘው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል፣ ውሃው ይናወጣል፣ ጀልባውም ይረጫል። የመጀመሪያው ባለጀልባ የልጅ ሕይወት አድን ጃኬት አልነበረውም። «የትልቁን አጥብቄ አስርላቸዋለሁ» አለ። አመስግነን ተለየነው። የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ላይ ይወጣል፤ በዚህ ነገር ላይ ይሉኝታ የለም። ሁለተኛው በየልኩ ነበረው። ከመሳፈራችን በፊት ተነጋገርን፦ ዋጋው የጀልባው እንጂ የነፍስ ወከፍ እንዳይሆን፣ ጉማሬው ያለበት ድረስ እንዲወስደን፣ ስንት ሰዓት እንደምንቆይ። ይህን ቀድሞ የተነጋገረ ሰው መጨረሻ ላይ አይጨቃጨቅም።

እናቴ ለመሳፈር ፈራች። ባለጀልባው ልጅ ጣውላ ዘረጋላትና ራሱ ውሃ ውስጥ ቆመ።

«እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ። አይቸኩሉ።»

«ልጄ፣ እኔን ተወኝና ልጆቹን ያዝልኝ።»

«ልጆቹን እናታቸው ይዛቸዋለች። እርስዎ ይቅደሙ።»

ለአባቴም መሃል ላይ፣ ከሸራው ጥላ ሥር ቦታ ሰጠው። ጉማሬዎቹ ጋ ስንደርስ ሞተሩን ዝቅ አደረገና ከሩቅ ቆመ። መጀመሪያ ጆሮ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ ፉ ብሎ ውሃ መትፋት። ጉማሬ አምስት ደቂቃ ያህል ጠልቆ መቆየት ይችላል። አባቴ ሰዓቱን እያየ፣ ልጆቹ ጣታቸውን እየቀሰሩ «እዚህ ነው የሚወጣው! የለም፣ እዚያ!» እየተባባሉ ተወራረዱ። ትልቁ ልጄ ሥጋ በል መስሎት ነበር። አባቴ ማታ ማታ ከውሃ ወጥቶ ሣር እንደሚግጥ ነገረው። ሣር ቢበላም ሰው ይገድላል። «ላስጠጋችሁ» የሚል ባለጀልባ ካጋጠማችሁ እምቢ በሉት። የኛው ልጅ ልጆቹ ቢለምኑትም አልተጠጋም። ጉርሻውን የጨመርንለት ለዚህ ነው።

ምሳ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ በላን። ሙሉው አሳ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ ነው የሚጠበሰው፣ ሥጋው በጣት ይለቃል። ዳጣውን ለልጆቹ ለብቻ አስቀምጡላቸው፣ ያቃጥላል። ጥሬውን የሚበሉ ብዙ ናቸው፤ ለአያትና ለሕፃን ግን አልደፈርኩም። እናቴ እሾሁን እየለቀመች ልጆቹን አጎረሰች፣ ራሷ የበላችው መጨረሻ ላይ ነው። አሳ ሾርባው ለአባቴ ተስማማው። አስተናጋጁ ሳንጠይቀው ወንበር በትራስ አመጣለት። ሒሳቡም የተጻፈው ዋጋ ነው፤ የኛን አማርኛ ሰምቶ አልጨመረብንም።

ከስድስት ሰዓት በኋላ ወደ ሆቴል ተመለስን። ሁሉም ተኛ። ይህን ዕረፍት የሚዘልል ዕቅድ አትቀበሉ፣ የትኛውም አስጎብኚ ቢያቀርብላችሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጉሬዛዎቹ ሄድን። ትልልቆቹ ዛፎች ሥር አግዳሚ አለ፣ ጥላው ወፍራም ነው፣ አያት ሳይንቀሳቀስ እንስሳው ራሱ ይመጣል። አንዷ እናት ግልገሏን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወረደች። ግልገሉ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ሆኖ ነው፣ ጥቁሩ ቀለም የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አዩት። አውራ ጣት እንደሌለውም አዩ፤ ቅርንጫፍ የሚይዘው በአራቱ ጣቶቹ ነው።

ሙዝና ኦቾሎኒ ይዞ የሚያባብል ሰው አይጠፋም። አትስጧቸው። የጉሬዛ ሆድ የተሠራው ለቅጠል ነው። ጦጣዎቹ ደግሞ አንዴ ከለመዱ ከልጅ እጅ ይነጥቃሉ፣ ይቧጭራሉም። ልጄ የያዘችውን ብስኩት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልተጠጋንም።

ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያንም አስበን ነበር። ያ የስዌይን ቆርኬ የሚባለው ቀንዳም የዱር እንስሳ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፣ ልጆቹ እንዲያዩት በጣም እፈልግ ነበር። ነገር ግን የመንገዱ ኮረኮንች የእናቴን ወገብ አይምርም። ለሚቀጥለው፣ ልጆቹን ብቻ ይዤ እሄዳለሁ። አያቶቹ ሐይቁ ዳር ይቆዩ።

ቀን ስትመርጡ ታኅሣሥ 19ንና ሐምሌ 19ን ተጠንቀቁ። የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ከየአገሩ ምእመን ይጎርፋል፣ ሆቴሉ ሁሉ ይሞላል፣ ባጃጅ እንኳ አይገኝም። እናቴ ይህን ስትሰማ የሚቀጥለውን ጉዞ ለታኅሣሥ 19 እንዳደርገው ነገረችኝ። ክፍሉን ከወዲሁ፣ መሬት ላይ ያለውን፣ ጠይቄያለሁ።