ቱሉ ዲምቱ ያለው "በኤአይ ማመልከቻ እንፅፋለን" የሚለው ፅህፈት ቤት፦ ሂዱ፣ ግን ሳታስነብቡ እንዳትፈርሙ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ወይ ደግሞ ከኮዬ ፈጬና ከገላን በዚህ በኩል የምትመላለሱ ሰዎች ይሄ ሪቪው ለናንተ ነው። ታክሲ ተራው ጀርባ ካሉት ኮንቴነር ሱቆች መሀል ነው ቤቱ፣ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ኦንላይን ፎርም መሙላት ምናምን ይሰራሉ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በሩ ላይ "ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ትርጉም በኤአይ" (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። ስሙን አልፅፍም፣ ምክንያቱም ከምስጋናው ጋር ቅሬታም አለኝ፣ የሰፈር ሰው ግን የቱን እንደምል ያውቃል።

ዋጋው አይጎዳም። አንድ ገፅ ማመልከቻ በአማርኛ 80 ብር፣ እንግሊዝኛ ሲጨመርበት 150። ፍጥነቱ ደግሞ ለጉድ ነው።

ኮፒ ላስደርግ ገብቼ ተራ እየጠበቅኩ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ በእድሜ የገፉ የጥበቃ ሰራተኛ መጡ፣ ከምሽቱ 12 ሰአት እስከ ጠዋቱ 12 ሰአት ነው የሚጠብቁት፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ፣ አንድም ቀን ትርፍ ሰአት ተከፍሏቸው አያውቅም። አለቃቸው የውጭ ዜጋ ስለሆነ ፀሀፊዋን ልጅ "ልጄ በእንግሊዝኛ አድርጊልኝ" አሏት። ልጅቷ ስልኩን ወደሳቸው አስጠግታ "አባባ እንደመጣልዎት ያውሩት፣ እሱ ይፅፈዋል" አለቻቸው። መጀመሪያ አፈሩ፣ ከዛ ግን አወሩት፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ወገባቸው፣ ደሞዝ ሲቆረጥ ለምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው እንደሌለ፣ ሁሉንም። ድምፃቸው ፅሁፍ ሆነ፣ ፅሁፉ ደብዳቤ ሆነ፣ ልጅቷ ደግሞ መልሳ በአማርኛ አነበበችላቸው። ሰውየው "አዎ፣ ልክ እንዲህ ነው ያልኩት" አሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ ይሄን ሳይ ሆዴ ነው የተላወሰው። እድሜ ልካቸውን በሰው ቃል ሲያስፅፉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ማመልከቻ ፀሀፊው በለመደው አይነት "ከላይ በርእሱ እንደተገለፀው" ብሎ የራሱን ይፅፍላቸዋል፣ የሳቸው ነገር መሀል ላይ ይቀራል። እዚህ የሳቸው አቤቱታ በሳቸው ቅደም ተከተል ወጣ። ስለ ኤአይ ተስፋ ሲወራ እኔ የሚታየኝ ይሄ ነው፣ ማንበብና መፃፍ በደንብ ያልቻለ ሰው መብቱን በራሱ አፍ መጠየቅ ሲችል።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። እንግሊዝኛው ላይ የስራ ሰአታቸውን "12 ፒኤም እስከ 12 ኤኤም" ብሎ አስቀመጠው። ይሄ ማለት ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ማለት ነው! መሆን የነበረበት ከ6 ፒኤም እስከ 6 ኤኤም ነው፣ የኛ ሰአት ከፈረንጁ በ6 ሰአት እንደሚለይ ህፃን ልጅ ያውቀዋል። መስከረም 2017ንም ዝም ብሎ ሴፕቴምበር 2017 አደረገው፣ በፈረንጅ 2024 መሆን ሲገባው። ሰውየው በዚህ ደብዳቤ ቢሄዱ ሰባት አመት የጨመሩ፣ ያልሰሩበትን ሰአት የጠየቁ ውሸታም ሆነው ነበር የሚቀርቡት፣ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ደግሞ ምን እንደተፃፈ እንኳን አያውቁም። እነዚህን ሁለቱን ልጅቷ ናት ያየቻቸው፣ ጎበዝ ናት፣ እስክሪብቶ ይዛ መስመር በመስመር ነው የምታነበው።

ሶስተኛውን እኔ ነኝ የያዝኩት። አቃቂ ፋብሪካ በምሰራበት ጊዜ የሰራተኛ ማህበር ውስጥ ስለነበርኩ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁን በቃሌ ነው የማውቀው። ኤአዩ አዋጅ ቁጥር 377/96ን ጠቅሶ የሌሊት ትርፍ ሰአት በ1.5 ይባዛል ብሎ ፃፈ። ያ አዋጅ እኮ በ1156/2011 ተሽሯል። አሁን ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰአት ያለው ትርፍ ስራ የመደበኛው ክፍያ 1.5 ነው፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በህዝብ በአል 2.5። መደበኛው በቀን 8 ሰአት ስለሆነ የሰውየው ትርፍ የሚጀምረው ከሌሊቱ 8 ሰአት ነው፣ እሱ አራት ሰአት ሙሉውን 1.75 ውስጥ ነው የሚገባው። ከ1.5 ጋር ያለውን ልዩነት በየሌሊቱ ደምሩትና እዩት፣ ለአንድ ጥበቃ ቀላል ብር አይደለም። የሚያናድደው ደግሞ ሲሳሳት እንኳን ሳይጠራጠር አንቀፅ እየጠቀሰ በሚያምር ቋንቋ ነው የሚሳሳተው፣ ያላወቀ ሰው በምን ይጠርጥር?

ፎቶው ላይም ተመሳሳይ ነገር አየሁ። አንዲት እናት ለመታወቂያ ጉርድ ተነሱ፣ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው፣ አንገታቸው ላይም በረድፍ የተነቀሱት አለ። ፎቶ የሚያነሳው ልጅ "ላሳምርልዎት ማዘር" ብሎ ኤአዩን ሲነካው ንቅሳቱን በሙሉ አጠፋው፣ ፊታቸውንም አቀላው። "ይቺ ደግሞ ማናት?" አሉ፣ በጣም ነው የከፋቸው። ወዲያው መልሰው ያለ ኤአይ አነሷቸው፣ ገንዘብም አልጨመሩባቸውም፣ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኤአይ ተመራማሪዋ ትምኒት ገብሩ ከሌላዋ ተመራማሪ ጆይ ቦላምዊኒ ጋር ሆና በ2018 በፈረንጅ ያወጡት ጥናት ላይ ፆታን ከፊት ፎቶ የሚለዩ ሶስት የትልልቅ ኩባንያ ሲስተሞችን ፈትነው ነበር፣ በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን በጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። የኛን መልክ በደንብ ሳያይ የተሰራ ነገር እናቶቻችንን ላሳምር ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገው።

አግዳሚው ላይ ወሬው ራሱ ሌላ ነው። አንዷ እናት ስምንተኛ ክፍል ያለው ልጇ የቤት ስራውን በሙሉ በኤአይ እያሰራ ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት እንዳይሰጥ ፈርታለች፣ አንዱ አጭበርባሪዎች የልጄን ድምፅ በኤአይ አስመስለው ደውለው ቴሌብር ላክ ቢሉኝስ ይላል፣ ሌላው ሀኪም በሌለበት ገጠር ይሄ ነገር ቢደርስ ስንቱን ያድናል ይላል። ሁሉም እውነት አላቸው።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ይሄ ቤት ድሮ ሁለት ፀሀፊ ነበሩት። አሁን አንድ ናት። ባለቤቱን ስጠይቀው ኤአዩ ስራውን ስላቀለለው አንዷ እንደማታስፈልግ ነገረኝ። እንዴት ነው የማታስፈልገው? ያን ሰአትና ቀን ያየው እኮ ሰው ነው። የቀረችው ልጅ አሁን የሁለት ሰው ወረፋ ነው የምታስተናግደው፣ ከሰአት በኋላ አስራ ምናምን ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ በእስክሪብቶ መስመር በመስመር የምታነብበት ጊዜ ከየት ታመጣለች? ማሽኑ መቼም ራሱን አያርምም፣ የሚያርመውን ሰው ከቀነስን ለባለጉዳዩ የሚተርፈው ስህተቱ ነው። ባለቤቱ ይሄን ካነበበ ወንድሜ እባክህ ልጅቷን መልሳት፣ ማመልከቻው ላይ 20 ብር ብትጨምርም እንከፍላለን፣ እኔ በደስታ ነው የምከፍለው።

ሌላው የመታወቂያ ነገር ነው። ፋይዳ ካርዳችሁን በልጅቷ የግል ስልክ ፎቶ ያነሱና ፎርሙን እንዲሞላ ለኤአዩ ይሰጡታል። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የፋይዳ ቁጥር ሁሉም አብሮ ይሄዳል፣ እኚያ የጥበቃ ሰራተኛ ያወሩት የቤታቸው ጉዳይም እንዲሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቶልናል፣ የሰውን መረጃ ለመጠቀም ፈቃዱን ጠይቁ የሚል ህግ አለን፣ ታች ኮንቴነር ቤት ድረስ ግን የነገራቸው አካል ያለ አይመስልም። እኔ "አጥፊልኝ" ስላት ያለምንም ክርክር "እሺ ጋሼ" ብላ እያየሁ አጠፋችው። ሳልጠይቅ ግን አታጠፋውም ነበር። ቤቱም ጠባብ ስለሆነ አንድ ሰው ጉዳዩን ሲያወራ ወረፋ ላይ ያለው ሁሉ ይሰማል፣ የፍቺ ወይ የጤና ጉዳይ ያላችሁ ቤታችሁ ሆናችሁ በድምፅ ቀድታችሁ ብትወስዱላቸው ይሻላል፣ ይቀበላሉ።

ከአምስት አራት ሰጥቻቸዋለሁ፣ አራቱም የልጅቷ ነው። ጠዋት ከ3 ሰአት በፊት ብትደርሱ ወረፋ የለም፣ መብራት ከጠፋ ግን ጄኔሬተር ስለሌላቸው ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። እንግሊዝኛ ካስፃፋችሁ ሰአቱን፣ አመተ ምህረቱንና የአዋጁን ቁጥር ጮክ ብላ እንድታነብላችሁ ጠይቋት፣ ደስ ብሏት ነው የምታነብላችሁ።