የክረምት ማብቂያ ከልጆች ጋር፦ እንጦጦ፣ ቢሾፍቱ ወይስ አንድነት ፓርክ?

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጆቹን ይዞ ይህን መንገድ የሚወጣ ወላጅ የትኛው መዝናኛ እንደሚሻል ከቤቱ ሳለ መምረጥ አለበት፤ ምክንያቱም መሄጃና መመለሻው ሁለት ሙሉ ቀን ይበላል፣ ለመዝናናት የሚተርፈውም ሁለት ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። እኛ ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ዕድሜያቸው 14፣ 10 እና 6 ከሆነ ሦስት ልጆቻችን ጋር ሄደን እንጦጦን፣ የቢሾፍቱን የኩሪፍቱ የውሃ ፓርክና አንድነት ፓርክን አይተናል። የምጽፈው በዚያው ወቅት ለሚሄድ የወሎ ቤተሰብ ነው፤ በጥር ለሚሄድ ሰው ፍርዴ ሌላ ይሆን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የሄድነው እንጦጦ ነበር፣ የመጀመሪያው ስሕተታችንም እርሱ ነው። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ የተከፈተ ሲሆን በባሕር ዛፍ ደን መካከል የተሠሩ የእግርና የብስክሌት መንገዶች፣ ፈረስ መጋለቢያ፣ የገመድ ላይ መረማመጃና ዚፕላይን የሚሉት በገመድ ተንጠልጥሎ የሚንሸራተቱበት ጨዋታ አለው። ለጎረምሳ ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም፣ የ14 ዓመቱ ልጃችንም እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያ ነው። ነገር ግን ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ደጋ ስትሆን፣ ነሐሴን ሙሉ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲያድር የምናይ ሰዎች ጉም ፍለጋ 400 ኪሎ ሜትር መሄዳችን ለእናቴ ሊገባት አልቻለም። ጋቢዋን ተከናንባ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ «ጉሙንማ ጦሳ ላይ ትተነው መጣን አይደል እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ጨዋታው ሁሉ ቆመ፣ እኛም አዲስ አበባን ቁልቁል የሚያሳየውን ያን ሁሉ የተመሰገነ ዕይታ ሳናይ ወረድን። ከኮምቦልቻ ለሚሄድ ቤተሰብ ብርዱ አዲስ ነገር ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ለደሴ ሰው ግን እንጦጦ የጥቅምት ቦታ ነው።

በማግስቱ ወደ ቢሾፍቱ ሄድን። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በአዳማ ፈጣን መንገድ ከሄዱ ደግሞ ጉዞው አጭር ነው። ከተማዋ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች በመሆኗ ልዩነቱ ከመኪና ገና ሲወርዱ በቆዳ ይታወቃል፤ እናቴ ጋቢዋን ያጠፈችው እዚያ ነው። የውሃ ፓርኩ በኩሪፍቱ ሐይቅ አጠገብ ሲሆን ትልልቅ መንሸራተቻዎች፣ በማሽን ማዕበል የሚነሣበት ገንዳና ለሕፃናት የተለየ ጥልቀት የሌለው መጫወቻ አለው። ዋና ለማያውቁ ልጆች፣ የደሴ ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ አያውቁም፣ ዋናው ነገር ይህ የመጨረሻው ነው። የ10 ዓመቷ ልጃችን ማዕበሉ ሲመጣ መጀመሪያ የእናቷን ክንድ በሁለት እጇ ጨብጣ ጮኸች፤ በሦስተኛው ግን ጀርባዋን ሰጥታ ትጠብቀው ነበር። ትንሹ ወደ አንዱ ትልቅ መንሸራተቻ ሊወጣ ሲል ቁመቱ ተለካና ሁለት ጣት ያህል ጎደለው። በእግሩ ጣቶች ለመቆም ሞከረ፤ ሠራተኛዋ አይታ ሳቀች፣ ግን አላሳለፈችውም። እኔ ይህን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ምስጋና ነው የማነሣው፤ ልጅ ሲያለቅስ ዓይቶ ደንቡን የሚያላላ ሠራተኛ ባለበት ቦታ ልጆቼን ውሃ ውስጥ ለቅቄ መቀመጥ አልችልም።

ወጪው ግን ይከብዳል። ለስድስት ሰው የመግቢያ፣ የምሳና የመኪና ኪራይ ሲደመር ከሌሎቹ ቀናት ሁሉ የበለጠ ገንዘብ የወጣው በዚያ ቀን ነው። የዋና ልብስና ፎጣ ከቤት ይዞ መሄድ አንዱ ማቅለያ ነው። ሁለተኛው ጠዋት መግባት ነው፤ በክረምት ማብቂያ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ በሦስት ሰዓት የገባ ቤተሰብ የከፈለበትን ያህል ይጫወታል፣ በሰባት ሰዓት የገባ ግን ለመብረቅ ብሎ ከፍሏል ማለት ነው።

ሦስተኛው ቀን ሙሉ ሲያካፋ ዋለ፣ እኛም አንድነት ፓርክ ነበርን፤ ከሦስቱ በዝናብ የማይበላሸው እርሱ ነውና። በ2012 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ለሕዝብ የተከፈተው ይህ ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። የልጆች መጫወቻ፣ የክልሎች እልፍኞችና ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶች አሉት፣ ትንሹም ከአንበሶቹ ፊት አልነቃነቅ ብሎ ግማሽ ሰዓት አስቆመን። ለወሎ ሰው የተለየ ትርጉም ያለው ግን የምኒልክ የግብር አዳራሽ ነው። ልጆቼ ያደጉት በአይጠየፍ አዳራሽ አጠገብ እየተመላለሱ ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ማንም ሳይጠየፍ ገብቶ የሚበላበት ተብሎ ስም የወጣለት አዳራሽ። ስለዚህ የምኒልክን አዳራሽ ስፋት ሲያዩ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ከአይጠየፍ ይበልጣል?» የሚል ነበር። እናቴ ቀደመችኝና፣ «ምኒልክ እኮ ለንጉሥ ሚካኤል አማት ናቸው፣ ልጃቸውን ሸዋረጋን ድረውላቸዋል፤ እንግዲህ ዘመድ ቤት ነው የመጣነው» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ግቢውን ሲያዩ የነበረው እንደ እንግዳ አልነበረም።

ወደ ዙፋን ቤቱ ምድር ቤት ሲወርዱ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደርግ የንጉሠ ነገሥቱን ባለሥልጣናት ያሰረው እዚያ ነው፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ተረሽነዋል። ትልቁ ልጃችን ጽሑፉን አንድ በአንድ አነበበ፤ ለትንሹ ግን ቦታው ጨለማ ብቻ ስለሆነበት ባለቤቴ ይዛው ወደ መጫወቻው ወጣች። ሁለት አዋቂ ሆኖ መሄድ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ጊዜ ከተረፈ ከዚያው አቅራቢያ ወዳጅነት ፓርክና በ2015 ዓ.ም. የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም አሉ፤ ሙዚየሙ ጣሪያ ያለው ነገር በመሆኑ ለዝናባማ ከሰዓት ይሆናል። በሌላ በኩል፣ ከተማው ውስጥ በአንድ አነስተኛ የመኪናና የፈረስ መሽከርከሪያ ባለው መጫወቻ ለአምስት ጨዋታ ትኬት ገዝተን ሁለቱን እንደተጫወትን መብራት ጠፋ፣ ገንዘባችንም ተመላሽ አልሆነም። እንዲህ ባለ ቦታ ትኬት አንድ በአንድ ይገዛ።

ስለዚህ ሁለት ቀን ላለው ቤተሰብ፣ ሰማዩ ጠዋት የጠራበትን ቀን ለቢሾፍቱ፣ ሌላውን ለአንድነት ፓርክ ይስጥ እላለሁ። ቀኑ አስቀድሞ አይቆረጥ፤ ማታ ሰማዩን አይቶ መወሰን ይቻላል። አንድ ቀን ብቻ ካለው እና ልጆቹ ከ12 ዓመት በታች ከሆኑ ቢሾፍቱ፣ አያት አብራ ካለች አንድነት ፓርክ ይሁን። ጉዞው ደግሞ ከነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም መፈሰክ በኋላ፣ ከጳጉሜን በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ለእንቁጣጣሽ ሲቃረብ ሰውም ዋጋም ይበዛል።

መንገዱን በተመለከተ፣ መኪና የሚያማቸው ልጆች ካሉ ሸዋ ሮቢት ላይ ቁርስ አታብሏቸው። ከዚያ በኋላ ያለው የደብረ ሲና አቀበት እስከ ጣርማ በር ዋሻ ድረስ ጥምዝምዝ ነው፣ የእኛም ቁርስ የቀረው እዚያ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ፣ ዋሻውን አልፎ ደብረ ብርሃን ላይ መብላት ይበጃል።