ጎንደር ላይ የማትስና የፊዚክስ አስጠኚ ለምትፈልጉ፣ እኚህን መምህር ሳላመሰግን ባልፍ ይከብደኛል

ሰላም የጎንደር ሰዎች እንደምን ሰነበታችሁ። ይሄን ነገር ውጤት የወጣ ሰሞን ልጽፈው አስቤ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፣ ትናንት ግን አንዲት ደንበኛዬ ልብስ ልትለካ መጥታ ልጇ ዘንድሮ 12ኛ እንደሆነ ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ያየሁት ጭንቀት አምና የኔው የነበረው ጭንቀት ነውና ማታውኑ ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ረዘም ይላል፣ ቤታችሁ የ12ኛ ክፍል ልጅ ካለ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ታናሽ እህቴ የ2017ን ማትሪክ በናቹራል ተፈትና ከ600 367 አመጣች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለአንዳንዱ ትንሽ ይመስል ይሆናል፣ የዚን ፈተና ነገር የሚያውቅ ግን ያውቀዋል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። እና በ2017ም ከመቶ ልጅ ከ90 በላዩ ግማሽ አላመጣም ማለት ነው። እኔ ይሄን ቁጥር በየዓመቱ በዜና ስሰማ ሆዴ ይባባ ነበር።

እኔ አራዳ ላይ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። እህቴን ከደንቢያ ያመጣኋት 8ኛ ስትገባ ነው፣ እናትና አባታችን እዛው ናቸው፣ ስለዚ እዚ እናቷም አባቷም እኔ ነኝ። ደግሞ የነሱ ባች እድል የለውም እኮ፣ 7ኛ እያሉ በ2012 መጋቢት ላይ በኮሮና ትምህርት ተዘጋ፣ 9ኛ ሲገቡ ጦርነቱ አጠገባችን ደርሶ ነበር፣ 11ኛ ላይ ደግሞ ትምህርቱ እየተቆራረጠ ኢንተርኔትም ጠፍቶ ሌላ ከተማ ያለ ልጅ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ሲያጠና የኛዎቹ ያችኑ የተቀደደች አጋዥ መጽሐፍ እየተቀባበሉ ነው ያለፉት። ፈተናው ደግሞ የ12ኛን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፣ የታችኛው ክፍል ክፍተት ሁሉ እዛ ላይ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ አንድ ቱቶርያል የሚሰጥበት ቦታ አስገባኋት፣ ስሙን አልጠራም። የሁለት ወር ቀድሜ ከፈልኩ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ ነው የሚታጨቀው፣ አስተማሪው ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይሰራና ገባችሁ ሲል ሁሉም ገባን ይላል፣ የኔዋም ገባኝ ትላለች፣ ቤት መጥታ ግን ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይሬ ስሰጣት ብዕሩን ይዛ ዝም። ትቼው ብሩም ቀረ።

መምህሩን የጠቆመችኝ አጠገቤ ጥልፍ የምትሰራ ልጅ ናት። ቸቸላ ሰፈር ነው የሚኖሩት፣ ብዙ ዓመት ማትስና ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ በረንዳቸው ላይ አንድ ረጅም ጠረጴዛና ጥቁር ሰሌዳ አለ፣ ከስድስት ልጅ በላይ አይቀበሉም። ልጆቹ በፍቅር የኔታ ነው የሚሏቸው። ስማቸውን እዚ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ቃላቸውን አከብራለሁ።

መጀመሪያ ቀን ስንሄድ ስለ ክፍያ ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ እሷን የ9ኛ ክፍል 20 ጥያቄ ሰጥተው ከበረንዳው ጫፍ አስቀመጧትና ወደኔ ዞረው "ውሃ ማነው የሚቀዳው?" አሉኝ። ግራ ገባኝ። "የቤታችሁን ውሃ፣ ማን ነው የሚቀዳው?" አሉ ደግመው። እንግዲህ ጎንደር ላይ ውሃ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በፈረቃ ነው፣ እኛ ሰፈር ሲመጣ ማታ 4 ሰዓት 5 ሰዓት ነው፣ እኔ ስፌት ላይ ስለምውል ደክሞኝ እተኛለሁ፣ እሷ ናት ቁጭ ብላ ጠብቃ በርሜሉንም ጀሪካኑንም የምትሞላው። ነገርኳቸው። ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው አሉኝ፣ እኔ በኩራት 10 ሰዓት ለጥናት እቀሰቅሳታለሁ አልኩ። ትንሽ ዝም ብለው "አንቺ ልጅ፣ ይቺ ልጅ እኮ ሌሊቱን ሙሉ የምትተኛው ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እኔ ምንም ባስተምራት እንቅልፍ የሌለው ጭንቅላት አይዝም። ውሃውን ውሰጂላት፣ ሌሊቱንም መልሺላት፣ ከዛ እኔ ጋ ላኪያት" አሉኝ። እውነት ነው የምላችሁ እዛው እንባዬ መጣ፣ እኔ እኮ እየረዳኋት መስሎኝ ነበር።

ከዛ ቀን ጀምሮ ውሃ የኔ ሆነ። ማታ 4 ሰዓት ተኩል ትተኛለች፣ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ትነሳለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ የልጅቷ ፊት ራሱ ተቀየረ።

አሁን ስለ አስተማሪነታቸው ልንገራችሁ፣ እዚ ላይ ነው ዋናው። እሳቸው ጋ እያንዳንዱ ልጅ የስህተት ደብተር አለው። ልጁ የሳተውን ጥያቄ እዛ ላይ ይገለብጥና ከጎኑ ለምን እንደሳተ በራሱ እጅ ይጽፋል፣ ሶስት ቃል ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ወይ አላወኩም፣ ወይ ቸኮልኩ፣ ወይ ጥያቄውን አላነበብኩም። ከባድ ነው፣ ዝም ብለህ አልፈህ አትሄድም። በወሩ መጨረሻ ቁጠሪው አሏት፣ ስትቆጥረው 71 ስህተት፣ ከዛ ውስጥ አላወኩም የሚለው 29 ብቻ ነው፣ ሌላው በሙሉ ችኮላና አለማንበብ። ኔጌቲቭ 3 ስኩዌር ቅንፍ ሳይኖረው መልሱ ኔጌቲቭ 9 ሆኖ ሳለ 9 ብላ የሳተችው ብቻ አራት ቦታ ተገኘ። ፊዚክስ ላይ ደግሞ 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብሎ ሰጥቶ መልሱን በሜትር በሴኮንድ ሲጠይቅ መጀመሪያ ወደ 20 ሳትቀይር በ72ቱ ሰርታ መልሱን ምርጫ ውስጥ ስታጣው ዘልላ ሄዳለች። እና እህቴ ያን ቀን ቤት መጥታ ምን አለችኝ፣ "እታለም እኔ እኮ ደደብ አይደለሁም፣ እቸኩላለሁ እንጂ።" ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማትስ አይገባኝም እያለች ራሷን ስታሳንስ የኖረች ልጅ ናት ይሄን ያለችው።

ሌላው ስለ መልስ መስጫ ወረቀቱ ነው፣ ይሄን ማንም አስተማሪ ሲያደርግ አላየሁም። ፎቶ ኮፒ አስደርገው በየሳምንቱ ሰዓት ይዘው ጥያቄ አሰርተው በእርሳስ ያስጠቁሯቸዋል። አንድ ጥያቄ ዘልለህ ቀጣዩን መልስ በተዘለለው ቁጥር ላይ ካጠቆርክ ከዛ በታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል፣ የሚያውቀውን ሁሉ ሰርቶ በዚ የወደቀ ልጅ አይቻለሁ ይላሉ። ስለዚ በየ10 ጥያቄው ቆም ብሎ ቁጥር ማመሳከር የሳቸው ህግ ነው። ደግሞ ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም፣ የማይሆኑትን ሰርዞ ከቀሩት አንዱን መምረጥ ነው።

መጋቢት ላይ ሞዴል ፈተና ተፈትና 41 በመቶ መጣላት። እኔ ጮህኩባት፣ ይሄን ሳልደብቅ ነው የምጽፈው። የጎረቤታችንን ልጅ ስም ጠርቼ፣ ለኔ ብለሽ ነው ወይ፣ ስንት ብር እየከፈልኩ፣ አባታችን ምን ይላል፣ ያልተናገርኩት የለም። ሁለት ቀን ምግብ አልበላችም፣ ጥናትም አልሄደችም። በሶስተኛው ቀን መምህሩ ራሳቸው ባጃጅ ይዘው ሱቄ ድረስ መጡ፣ በዛ እድሜያቸው። ሻይ አስመጣሁ፣ አልጠጡም። "ውጤቷን አይቻለሁ፣ ጥቅምት ላይ የሰጠኋት ላይ 28 ነበር ያመጣችው፣ አሁን 41 ነው። አንቺ 41ን ከ100 ነው የለካሽው፣ እኔ ከ28 ነው የምለካው። ሶስት ወር አለን። እስከዛ ድረስ ቤት ውስጥ ውጤት የሚባል ቃል አይነሳ፣ ስትመጣ በላሽ ወይ በያት፣ ከዛ በቃ" አሉኝ። እህቴን እዛው አስጠራኋት፣ ይቅርታ አልኳት። እሳቸው ደብተሯን ይዘውላት ነበር የመጡት፣ ለነገው ጥያቄ ምልክት አድርገውበት ሰጧት።

ግንቦት ላይ ደግሞ ቴሌግራሙ ተነሳ። ፈተናው ወጥቷል፣ ይሄን ያህል ብር በዚ አካውንት አስገቡ የሚል ቻናል ሁሌም ይመጣል፣ ከጓደኞቿ ሁለቱ ብር አዋጥተው ነበር፣ እሷም ጨንቋት ብር ጠየቀችኝ። ለመምህሩ ደወልኩ። ልጆቹን ሰብስበው የ2008ቱን ነገሯቸው፣ ያኔ ግንቦት ላይ ፈተናው በሶሻል ሚዲያ ወጥቶ አገር አቀፍ ፈተናው እንዳለ ተሰርዞ ሐምሌ ላይ ሁሉም እንደገና እንዲፈተን የተደረገበትን። "እውነተኛ ቢሆን እንኳን ይሰረዛል፣ ውሸት ከሆነ ብርህም ጊዜህም ይሄዳል፣ በሁለቱም የምታተርፈው የለም" አሏቸው። ከዛ ስድስቱም ቴሌግራማቸውን እዛው በረንዳ ላይ አጠፉ። እንደውም ፈተና ግቢ ስልክ ስለማይገባ ከመግባታቸው ሳምንት በፊት ስልካቸውን ለቤተሰብ እንዲሰጡ አደረጉ፣ እዛ ሄደው በስልክ ናፍቆት እንዳይቸገሩ። ይሄ በጣም ጠቅሟታል፣ አንዳንዱ ልጅ እኮ ግቢ ገብቶ የመጀመሪያውን ሌሊት ሳይተኛ ነው የሚያድረው።

ልትገባ ስትል አድሚሽን ካርዷን፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ አዘጋጀን፣ እናቴ ከደንቢያ በሶና ዳቦ ቆሎ ላከች። መምህሩ ደግሞ ምን ጨመሩ መሰላችሁ፣ የእጅ ሰዓት። ስልክ ከሌለ በየት ሰዓት ታያለች ብለው ነው፣ ካላስገቡሽ ለእህትሽ መልሺ ብለው የራሳቸውን አውልቀው ሰጧት።

ውጤት የወጣ ቀን መጀመሪያ የደወልነው ለሳቸው ነው። ደስ አላቸው፣ መረቋት፣ ግን ወዲያው የጠየቁት ስለሌላው ልጅ ነበር። ከስድስቱ አምስቱ አልፈዋል፣ አንዱ ግን 287 ነው ያመጣው፣ ከማለፊያው ከ300 13 ነጥብ ነው የጎደለው። ሪሜዲያል (ላላለፉ ልጆች የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት) ከደረሰውም እዛ ድረስ፣ እንደገና ከተፈተነም እስከዛው ያለ ክፍያ እንደሚያስጠኑት ለቤተሰቡ ነግረዋል፣ እስከዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ነው። እህቴ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ የስህተት ደብተሯን ሶስቱንም ለሱ ትታለት ሄደች።

እንግዲህ ለምትፈልጉ እንዳይደናገራችሁ፣ ማትስ፣ ፊዚክስና አፕቲትዩድ (የማገናዘብ ችሎታ ፈተናውን) ብቻ ነው የሚያስጠኑት፣ ለሶሻል ተማሪም ማትሱን ያስጠናሉ። ኬሚስትሪ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ሌላ ሰው ፈልጉ። አርፍዶ የሚመጣ ልጅ አይወዱም፣ ሶስት ጊዜ ያረፈደ ይመልሳሉ፣ በዚ ቅር የሚላችሁ ካላችሁ ቀድማችሁ እወቁት። ክፍያቸው እኔ ለሁለት ወር ከከሰርኩበት ቦታ ያንሳል፣ ቤተሰቡ ካልቻለም ይነጋገራሉ፣ ከስድስቱ አንዷ ምንም ሳትከፍል ነው የተማረችው፣ ይሄን ያወኩት ከልጆቹ ነው እንጂ ከሳቸው አይደለም።

ጋሼ፣ ልጆችዎ ያነቡልዎት ይሆናል፣ እናቴ ለፋሲካ ቅቤና ዶሮ ይዛ እመጣለሁ ብላለች፣ እንዳይመልሱብን።

ሁለት ቦታ ብቻ እንደቀራቸው ነግረውኛል። ኢንቦክስ ለጠየቀኝ ቤታቸውን አሳያለሁ፣ ወይ አራዳ ሱቄ ብቅ በሉ። ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለ ልጁ አያናግሩም፣ አንድ ባዶ ደብተርም አስይዙት።